ሁሉም ኃላፊ የነበረበት የሙዝ መጋዘን

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ የላንቴ ሙዝ ጉሮሮዬ ላይ ይቅር!

የሙዝ ማኅበሩ የጄኔሬተር ሠራተኛ ክብሩ ሙቀት ሸሽቶ መጋዘኑ ውስጥ ጋደም ባለበት ሞቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል፤ የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ዞሯል። ፖሊስ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዘውን ዘበኛ ዕዝራን አሰረ፤ ሚስቱ ደግሞ የመውለጃዋ ወር ነው።

ኢንስፔክተር በለጥሽ ከአርባ ምንጭ ስትደርስ ሠራተኛው በሙሉ «ሥራ አይቋረጥም፤ ኃላፊው እኔ ነኝ!» የሚል ካኔቴራ ለብሷል። መብራት ቢጠፋ፣ ሰው ቢጎድል፣ ሁሉም የሁሉን ሥራ ይወቅ ብሎ ሥራ አስኪያጁ ዳልጮ አሠልጥኗቸው ነበር። ከጫሞ ሐይቅ የወጣ አዞ እንኳ ከኋላ ወንበር ላይ ሠልጥኗል፤ ያላንቀላፋው እሱ ብቻ ነው።

«ጄኔሬተሩ ሲጮኽ ሰማሽ?» አለቻት ጸሐፊዋን ትሁትን።

«ሰማሁ እንጂ!»

«ሄደሽ አላየሽም?»

«እንዴ፣ እሱማ የክብሩ ሥራ ነው።»

«ደረትሽ ላይ ምን ይላል?»

ትሁት አቀርቅራ አነበበች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሒሳብ ሠራተኛው አቡሽም ያንኑ ደገመ። ዳልጮ ግን ከረባቱን አስተካክሎ፣ «እኔ ክብሩ በሞተበት ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ካምባ ወረዳ ነበርኩ። ጄኔሬተርም ነክቼ አላውቅ» አለ።

በለጥሽ ጄኔሬተሩን አገላብጣ አየች፤ ከተማ ወርዳ መለዋወጫ ሻጩን አነጋገረች። ከዚያ ሁሉንም መጋዘኑ ደጅ ሰበሰበች፤ ዕዝራ በካቴና ነው።

«መብራት የለም፤ ሙዙ እየጠቆረ ነው። ኃላፊዎች፣ አስነሱ!»

ዕዝራ የተበጠሰውን ገመድ ሳበ። አቡሽ በእርግጫ አለው። ትሁት እንደ ላም «እሽ፣ እሽ!» እያለች ዳበሰችው።

ዳልጮ መታገሥ አልቻለም። «እናንተ ደነዞች! ከነዳጅ ታንከሩ ሥር ያለውን ማስነሻ ተጫኑ!»

በለጥሽ ፈገግ አለች። «ገመዱ ሲበጠስ ክብሩ ያን ማስነሻ ከመለዋወጫ ሻጩ ገዝቶ የገጠመው በሞተበት ጠዋት ነው። ከሞቱ በኋላ ስፍራውን አጥረነዋል። ካምባ የነበረ ሰው በምን አወቀው?»

«ሰ... ሰው ነገረኝ።»

«ማን? እነዚህ?»

ሦስቱ ካኔቴራዎች መሬት መሬት አዩ።

«መቀርቀሪያው ቁልፍ አይፈልግም፤ ስለዚህ ዕዝራን ማሰር የኛም ስንፍና ነው። ክብሩ ተቀርቅሮበት ሳለ ጄኔሬተሩን ያስነሳው ሌላ ሰው ነው። ክብሩ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ‹ጄኔሬተሩን ማስነሳት ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም› ሊል ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ለሥልጠናው ሊሸለሙ።»

ካቴናው ከዕዝራ እጅ ወደ ዳልጮ ዞረ። «ከዚህ ሁሉ ሥልጡን» አለች በለጥሽ፣ «ትምህርቱ የገባው ገዳዩን ብቻ!»

ዕዝራ ወደ ሚስቱ ሮጠ። የቀሩት «ማን ይጫነው?» እየተባባሉ ሙዙ ጠቆረ።

እሺ፣ አዞውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። እሱ ቢኖር ኖሮማ ቢያንስ ሄዶ ያይ ነበር።