ከኮርማክ ስም ሥር

«ዳራን ምን ይግደለው?» አለች ሳይቭ፣ ነጩን ክሬም የያዘውን የላስቲክ ከረጢት ጫፍ እየላሰች።

«የሒሳብ ፈተና» አለች ኢመር።

«እሱ እኮ ሮናንን ገድሏል። ሌላ አምጪ።»

«እንግዲያው የአያቱ ሹራብ። ሲያሳክከው አይደል የሚውለው?»

ሳይቭ ሳቋ ሲያመልጣት ክሬሙ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። በጣቷ ጠርጋ ላሰችውና ሞላላው ብስኩት ላይ «ዳራ፣ ሹራብ በልቶት» ብላ ጻፈች።

የክፍላቸው ልማድ ነው። በየዓመቱ ጭምብል ለሚደረግበት ለሃሎዊን ድግስ ሁለት ልጆች ዕጣ ይወጣላቸውና የመቃብር ኬክ ይሠራሉ። ምድጃ ውስጥ የማይገባ ኬክ ነው። ቸኮሌትና ቅቤ በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ይቀልጣል፣ የተሰባበረ ብስኩት ይለወስበታል፣ ከዚያ ትሪ ላይ ተጠፍጥፎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከተታል። ሲጠጥር የጥቁር ብስኩት ዱቄት ይነሰነስበታል፤ አፈር መሆኑ ነው። አፈሩ ላይ ብስኩቶች እንደ መቃብር ድንጋይ ይተከላሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ተማሪ ስም፣ ከስሙ ሥር ደግሞ አሟሟቱ ይጻፋል። ድግሱ ላይ ሁሉም የየራሱን ሞት አንስቶ ይበላል። ሰው እንዲህ በሞት የሚቀልደው ሞት ቤቱ እስኪገባ ድረስ ነው። ዘንድሮ ዕጣው ለኢመርና ለሳይቭ ደረሰ።

«ስንት ቀረን?» አለች ኢመር።

«ሁለት። ታይግ፣ እና...» ሳይቭ ስልኳን ወደ እሷ አዞረች። ታይግ ትናንት ለክፍሉ ልጆች በሙሉ የላከው መልእክት ነበር። «የኔን እንዳትተዉት። ለኮርማክም አንድ ሥሩለት። ይሄን ኬክ ሲወድ ለጉድ ነበር።»

ኮርማክ የታይግ ታላቅ ወንድም ነበር። በሰኔ ወር ባሕር በላው።

«ስሙን ብቻ ጻፊበት» አለች ሳይቭ ከረጢቱን እየገፋችላት። «ከሥሩ ምንም አያስፈልግም። ያንቺ ጽሕፈት ይሻላል።»

ኢመር ጻፈች። የመጨረሻው ፊደል ወደ ታች ተጎተተ። ብስኩቱን ከሌሎቹ አጠገብ ስታስቀምጠው ከስሙ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ዓይኗ ላይ ቀረ። እዚያ ምን መጻፍ እንዳለበት የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል።

ኮርማክ በሞተበት ቀን ሁለቱ የመጨረሻ ፈተናቸውን ጨርሰው ወደቡ ላይ እየዘለሉ ሲዋኙ፣ ሳይቭ ከምሰሶው ላይ ለሚሰጥም ሰው የሚወረወረውን የነፍስ አድን ቀለበት አወረደችው። ቀይ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ተኝተውበት ሲንሳፈፉ ደግሞ ፎቶው ያምራል። ሲበርዳቸው ከዓሣ ሣጥኖቹ ጀርባ ወርውረውት ድንች ጥብስ ሊበሉ ሄዱ። ስንመለስ እንሰቅለዋለን ተባባሉ። ድንቹን ሳይጨርሱ የአደጋ ሳይረን ጮኸ። ኮርማክ የጀልባ ገመድ ሲፈታ አዳልጦት ወድቆ ኖሯል። አብሮት የነበረው ታይግ ወደ ምሰሶው ሮጦ ባዶ እጁን ተመልሷል።

እነሱ ሲደርሱ ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ቆሟል። ኢመር ቆማ ከለለች፤ ሳይቭ ቀለበቱን አንስታ ቦታው ሰቀለችው። ማንም አላየም። ዝናብ ስለጀመረ እርጥብ ፀጉራቸውንም ልብ ያለ የለም። ለፖሊሱ «ዛሬ ወደቡ ጋ አልመጣንም» አሉት፤ እሱም ጻፈው።

የኢመር እናት ፖስታና እስክሪብቶ ይዛ ገባች። ነገ የሙታን ወር ይጀምራል፤ የየቤቱ ሟቾች ስም ተጽፎ ቤተ ክርስቲያን መሠዊያው ላይ ይቀመጣል።

«አያትሽን ጻፍኩ፣ አጎትሽን ጻፍኩ፣ ኮርማክንም ጻፍኩት። የረሳሁት አለ?» አለችና ብስኩቶቹን አየች። የዳራን ስታነብ ሳቀች። ከኮርማክ ስትደርስ ሳቋ ጠፋ።

«ታይግ ነው ሥሩለት ያለን» አለች ሳይቭ ፈጠን ብላ።

«ውይ፣ የኔ ጌታ!» እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እናቱን፣ ኖሪንን፣ ጠዋት ሱቅ አገኘኋት። ልጁ እንቅልፍ አጥቷል አለችኝ። ጎህ ሲቀድ ወደቡ ድረስ ይሄድና ምሰሶው ሥር ይቆማል አሉ። መጀመሪያ ‹ባዶ ነበር፣ እማዬ፣ ባዶ ነበር› ይል ነበር። ሰዉ ሁሉ ደግሞ ቀለበቱ ተሰቅሎ አይቶታል። አሁን እሱም አመነ። ዓይኔ ሥር ሆኖ ሳላየው ወንድሜን ገደልኩት ነው የሚለው። ገና ልጅ እኮ ነው!»

ፖስታውን አሽጋ ተነሳች። «ድግሱ ላይ ከመጣ ደህና አድርጋችሁ ያዙት እሺ?»

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ኢመር ወደ ሳይቭ ዞረች።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ታዲያ ምን ይሁን? የሞተ ተጎዳ። ብንናገር ኮርማክ አይነሳ።»

«ታይግ ግን አልሞተም።»

«ባክሽ አታካብጂ! ይተወዋል። ሰው ይረሳል።»

«አንቺ ረስተሻል?»

ሳይቭ ጥቁሩን ዱቄት ኬኩ ላይ በማንኪያ ታስተካክል ጀመር፤ የተስተካከለውን ደግማ ደጋግማ።

«ያወጣው አባቴ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። አባቷ የነፍስ አድን ጀልባው ላይ ይሠራል። «ታቅፎ ነው ያወጣው። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ እንኳን አያወራም። ቀለበቱን ያወረድኩት እኔ መሆኔን ቢያውቅ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ሆድ ይፍጀው ተባብለን አልነበር? ምለሻል እኮ!»

«ምያለሁ።»

«እንግዲያውስ!»

ኢመር ፈርታለች። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ እዚህ ሰው በአንድ ነገር ከተጠራ እስኪያረጅ በዚያው ይጠራል። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ከሳይቭ ሌላ የልብ ጓደኛ ኖሯት አያውቅም። እሷን ማጣት ከሁሉም በላይ ያስፈራታል። ከአራት ወር በላይ ዝም ያሰኛትም ይኸው ነው።

«የኔን ብቻ ነው የምናገረው። ስምሽን አልጠራም።»

«አትቀልጂ! እኔንና አንቺን ማን ነጥሎ ያውቃል? አንቺን ሲሰሙ እኔን ነው የሚጠይቁት።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች ኢመር።

ብስኩቶቹን አንድ በአንድ ተከሉ። የኮርማክን ሳይቭ ነበረች ጥግ ላይ የተከለችው፤ ዘመም ሲል ቀስ ብላ አቃናችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ጭምብላቸውን አድርገው ወጡ፤ ኢመር ጠንቋይ፣ ሳይቭ ድመት። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ልጆቹ ለደመራው የሰበሰቡት አሮጌ ጎማ መጨስ ጀምሯል። ዳገቱ ጫፍ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አዳራሹ በግራ ነው፣ የነታይግ ቤት በቀኝ።

ኢመር ወደ ቀኝ ዞረች።

«ድግሱ በዚህ ነው» አለች ሳይቭ።

«አውቃለሁ።»

«ኢመር፣ በናትሽ።»

ኢመር ሄደች። ትንሽ ራመድ ብላ ዞር ስትል ሳይቭ ትሪውን እንደታቀፈች እዚያው መገንጠያው ላይ ቆማለች። ወደ ግራም አልሄደች፣ ወደ ቀኝም አልመጣች።

በሩን የከፈተችው ኖሪን ናት። በሰኔ ልክዋ የነበረው ሹራብ አሁን ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። በእጇ ኦቾሎኒና መንደሪን የሞላ ሳህን ይዛለች። ደንቡ ይታወቃል፤ ጭምብል ያደረገ ልጅ አይናገርም፣ የቤቱ ባለቤት ማንነቱን ገምቶ እስኪያገኝ ድረስ።

«እስቲ ልገምት» አለች ኖሪን፣ ለመሳቅ እየታገለች። «የዳቦ ጋጋሪው ትንሿ ልጅ ነሽ?»

ኢመር አይደለሁም በማለት ራሷን ነቀነቀች።

«ለነገሩ ረዘምሽብኝ። ታይግ! ና እስቲ አግዘኝ፣ ይቺ ማን ናት?»

ታይግ በደረጃው ወረደ። የአጽም ሥዕል ያለበት ልብስ ለብሷል፤ ፊቱን ግን አልተቀባም። ዓይኖቹ ሥር ያለው ጥቁረት ቀለም አይደለም። ቁልቁል አየና ፈገግ አለ።

«ጫማዋን አውቀዋለሁ። ኢመር ናት። ኬኩስ? ኮርማክን ሠራችሁለት?»

ኢመር ጭምብሏን አወለቀች። ቅዝቃዜው ፊቷን መታው።

«ሠራንለት። ከስሙ ሥር ግን አልጻፍንም» አለች። «ልግባ? ለሁለታችሁም የምነግራችሁ አለኝ።»

ኖሪን ሳህኑን ይዛ ከበሩ ፈቀቅ አለች። ኢመር ግን መግባት አልቻለችም፤ ከገባች በኋላ አፏ እንዳይያዝ ፈራች። ደጃፉ ላይ እንደቆመች ታይግን ቀና ብላ አየችው።

«ታይግ፣ ምሰሶው ባዶ ነበር። በደንብ ነው ያየኸው።»