የክርስትና ስም

ኤጄታ እህቱን ለንሳን ከአምቦ ወጣ ብሎ እስካለው ጠበል ድረስ በፀጉሯ እየጎተተ ነው ያመጣት። ትናንት ከመዝሙር ጥናት በኋላ ከሀና ጋር ስትሳሳም አይቷታል። ሀና ፋርማሲ የምትሠራ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ከለንሳ ጎን ቆማ የምትዘምር ልጅ ናት። የተዋደዱትም እዚያው ነው። ታዲያ ሌላ የት ሊገናኙ ኖሯል?

ውሃው ከአለቱ እየተወረወረ ጀርባዋን ይገርፋታል። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው እንደ ወጉ አለባት የተባለውን መንፈስ ጠየቁ።

«ማነህ? ስምህን ተናገር።»

ለንሳ ውሃውን ከዓይኗ ጠረገች። ኤጄታ በመቋሚያ ትከሻዋን መታት። ደገማት።

ወጉን ሁሉም ያውቀዋል። መንፈሱ ለፍልፎ «ወጣሁ» ካለ እልል ይባላል፣ ደረቅ ልብስ ይለበሳል፣ ወደ ቤት ይኬዳል።

ሀና ከሴቶቹ መካከል እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆማለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ማሎ፣ እባክሽ፣ ወጣሁ በያቸው» አለች ድምፅ ሳታሰማ፣ በከንፈሯ።

የምትፈለገው አንድ ቃል ነበረች። ለንሳ ለጎረቤት፣ ለእናቷ ስንት ጊዜ ዋሽታለች። ይህ ፍቅር እንዲለቃት ስንት ሁዳዴ ጾማ፣ ሰግዳ ለምናለች። ፍቅሩም ጸሎቱም አልለቋትም። አሁን በመስቀል ፊት ሀናን መውደዷን ጋኔን ብላ ልትጠራው? አቃታት።

«ስምህን» አሉ አጥማቂው።

«ወለተ ማርያም» አለች። «በሰማንያ ቀኔ ክርስትና የተነሣሁበት ስሜ ነው፣ አባ። ውስጤ ሌላ ማንም የለም። የምወዳትም እኔው ነኝ።»

አጥማቂው መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱ። ኤጄታ ግን አበደ። መቋሚያው ግራ ክንዷ ላይ ሲያርፍ አጥንቷ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቀጣዩን ምት ሀና ዘልላ ገብታ በጭንቅላቷ ተቀበለችው። ደሟ ከጠበሉ ጋር ወረደ።

«ልትገድላት ነው? እህትህ ናት እኮ» አለችው።

ሰዉ ኤጄታን ያዘው። ሁለቱን ሴቶች ደግሞ እየተራገመ፣ ድንጋይ እየወረወረ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አባረራቸው።

ከቅጥሩ ውጭ ሀና ነጠላዋን ቀድዳ የራሷን ቁስልና የለንሳን የሚደማ ክንድ አሰረች። ደም የሚፈሰው ሰው በዚያ በር አይገባም። ስለዚህ ለንሳ ከውጭ ቆማ በደህናው እጇ አማተበችና ግንቡን ተሳለመች።

«አሁንም ትሳለሚዋለሽ?» አለች ሀና በንዴት።

«የኤጄታ ቤት መሰለሽ እንዴ?»

ሀና የቀረውን ነጠላዋን ሰብስባ ከጎኗ ጎንበስ አለችና ግንቡን ሳመች። ከዚያ ተደጋግፈው ባጃጅ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ወረዱ።