የሀጂ ምላስ የተኛበት ሰዓት

ሀጂ ሙሐመድሳኒ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሄርማታ ሰፈር ባለው ቤታቸው በረንዳ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተጋደሙ ሞተው ተገኙ። ጉንጫቸው አብጧል። የሸሚዛቸው አንገትጌ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። በዚያው ዕለት ጠዋት በታችኛው መንጋጋቸው ውስጥ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሆን አራት ብሎን አስተክለው ነበር።

ሰፈራችን ደግሞ ለመፍረድ የሐኪም ወረቀት የሚጠብቅ ሰፈር አይደለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ «የጥርስ ዶክተሯ ገደለቻቸው» የሚለው ወሬ ጎረቤት ከተማ ሰርቦ ደርሶ ተመልሷል። አርብ ጠዋት አሥራ አንድ ሰው ቀጠሮውን ሰረዘ። የዶክተር ሊያን የሥራ ፈቃድ የሚያግደው ደብዳቤም ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። አስከሬኑ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስለሚቀበር፣ ኢንስፔክተር ሸዋረገጥ እስከዚያው አንድ ነገር እንድትል ተነገራት።

ሸዋረገጥ ስሟ ከቁመቷ ይረዝማል። ቀስ ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱን ግን ቶሎ አትረሳም። አስከሬኑን አይታ በቀጥታ ክሊኒኩ ሄደች።

«መርፌውን የወጋሽው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«አራት ሰዓት ላይ፤ መሃል ላይም ደግሜያለሁ» አለች ሊያ። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ታየዋለች። «ማደንዘዣ የማይስማማው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያስታውቃል። እሳቸው ግን ስድስት ሰዓት ላይ በእግራቸው ነው የወጡት።»

«ጥርሱስ የታለ? አፋቸውን ሳይ ባዶ ነው።»

«በአንድ ቀን አይገጠምም። መጀመሪያ ብሎኑ አጥንት ውስጥ ይገባና ድዱ ይሰፋል። አጥንቱ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዝ አራት ወር ይፈጃል። ጥርሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

«እንደ ቡና ችግኝ በይኛ።»

«ቡናማ ሦስት ዓመት ነው።»

«ድንዛዜውስ?»

«በሁለቱም በኩል ስለወጋሁ ከንፈራቸውም ምላሳቸውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ደንዝዞ ይቆያል። ትኩስ ነገር እንዳይቀምሱ ነግሬያቸዋለሁ።»

እንግዳ ተቀባይዋ መቅዲ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ሲወጡ ስሜን ሊጠሩ ፈልገው ‹ነቅዲ› አሉኝ» አለች። «ራሳቸውም ሳቁ። ምራቃቸው ሲፈስ አላወቁም፤ እኔ ነኝ በሶፍት የጠረግኩላቸው።»

«ስለሳቸው የጠየቀሽ ሰው አለ?»

«ረቡዕ አንድ ሰውዬ ደውሎ ነበር። እዚህ የሚደውል ሁሉ ዋጋውንና ሕመሙን ነው የሚጠይቀው። እሱ ግን ‹ሲወጉት ምላስ ስንት ሰዓት ይተኛል?› አለኝ። ለሽማግሌ አባቱ የሚጨነቅ መስሎኝ በደንብ አስረዳሁት።»

ሸዋረገጥ የስልኩን ቁጥር ጻፈችና ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች። የሟች ባለቤት ወይዘሮ ሂንድ አላለቀሱም። የሚናገሩት ከሩቅ ላለ ሰው ይመስል ነበር።

«እኔ አይሆንም ብያለሁ» አሉ። «በስልሳ ስምንት ዓመት ብሎን ምን ያደርጋል? አልሰሙኝም። አላህ ይዘንላቸው።»

«ምን በሉ?»

«ምንም። የእህታቸው ልጅ ፋሂም የአቮካዶ ጁስ ገዝቶላቸው ነበር፤ አልነኩትም። ብርጭቆው ያው፣ ፍሪጅ ውስጥ ሞልቶ አለ።»

«አንገትጌያቸው ላይ ያለውስ?»

«ቡና ነው። ሠላሳ ዓመት ቡና ሲቀምሱ ሸሚዛቸው ላይ ጠብታ አጥቤ አላውቅም።»

ሠላሳው ዓመት እውነት ነው። ሀጂ የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ዋና ቀማሽ ነበሩ። ዓይናቸውን ተሸፍነው የየቡ አካባቢን ቡና ከሰርቦው ይለያሉ፤ ስኳር የነካውን ማንኪያ ውኃ ቢያሳልፉበት እንኳ ያውቁበታል። ከሁለት ዓመት በፊት የታች ጥርሳቸው ሲያልቅ ወንበሩን ለምክትላቸው ለአብሳሎም ለቀቁ። አብሳሎም አሥራ ስምንት ዓመት ምክትል ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ሹመቱ ግን እስከ ዛሬ «በውክልና» ይባላል።

ፋሂም ደጅ ባጃጁ ላይ ተደግፎ ነበር። «ቤቱን ሊወርስ ገደለ እያሉኝ ነው አይደል?» አለ። «አቦ፣ ይበሉ። ከክሊኒክ አንስቼ፣ ጁስ ገዝተን፣ የድርጅቱ ቡና መቅመሻ ጋ አወረድኳቸው። በእጃቸው ነው ያዘዙኝ፤ ወሬ አልነበረም። ትንሽ ቆይቼ ቤት መለስኳቸው።»

አብሳሎም መቅመሻው ውስጥ ሲኒ ይደረድር ነበር። ሙሉ ልብስ፣ ጥቁር ክራባት።

«እኔ ስለ ጥርሱ የሰማሁት ከሞቱ በኋላ ነው» አለ። «ሰባት ሰዓት ላይ መጡ፤ ቡና አቀረብኩላቸው። እንደ ልማዳቸው በማንኪያ ስርር አድርገው ሳቡና ‹የየቡ ነው› አሉኝ። የየቡም ነበር። ምላስ ነበራቸው፣ ሀጂ።»

«አልሳቱም?»

«ሀጂ? ኧረ እሳቸው መቼ ስተው ያውቃሉ?»

አምስት ሰዓት ላይ ሸዋረገጥ ሁሉንም ክሊኒኩ ውስጥ፣ ታካሚ በሚጠብቅበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። የፕላስቲክ መንጋጋ ከመደርደሪያው ላይ ያያቸዋል።

«አንድ በአንድ እንሂድ» አለች። «ማደንዘዣ ቢሆን ኖሮ ሀጂ እዚሁ ወንበር ላይ ይወድቁ ነበር። ስድስት ሰዓት በጤና ወጥተው አሥር ሰዓት ሞቱ። ስለዚህ መሃል ላይ የገባ ነገር አለ። ጁሱ አልተነካም። የገባው ቡና ነው፤ ሸሚዛቸው ላይ አለ፤ ለምርመራ ልኬዋለሁ።»

«ቡናማ ሠላሳ ዓመት ጠጥተዋል» አለ ፋሂም።

«ልክ ነህ። በእሳቸው ቡና ውስጥ ነገር መጨመርም ሠላሳ ዓመት አይቻልም ነበር፤ በአንድ ማንኪያ ይይዙታል። የሚቻለው ምላሳቸው ተኝቶ ሳለ ብቻ ነው። ስለዚህ ያደረገው ሰው ምላሱ መቼ እንደሚተኛ አውቋል። ረቡዕ ለመቅዲ የተደወለው ከቡና መቅመሻው የቢሮ ስልክ ነው።»

አብሳሎም ክራባቱን አስተካከለ። «ቢሮው ብዙ ሰው ይገባዋል።»

«ይገባዋል። ግን ስለ ጥርሱ አላውቅም ያልከኝ አንተ ነህ። ያበጠ ጉንጭ፣ የደም መምጠጫ ጎዝ የነከሰ አፍ ፊት ለፊትህ ተቀምጦ አላየሁም አልክ። ይሁን፣ አላየህም። ‹የየቡ ነው› ያሉትስ? የመቅዲን ስም እንኳ መጥራት ያቃተው ከንፈር፣ ምራቁን የማያውቅ ምላስ፣ እንዴት ለየው? በዚህ ከተማ ሀጂን የሚያወድስ ሁሉ ያንን ይላል። አንተም ሐዘንተኛ ለመምሰል ያንኑ አልክ። ያ ቃል ግን ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ ከሀጂ አፍ ሊወጣ አይችልም።»

አብሳሎም ክራባቱን ፈታ።

«የእናቴ የልብ ክኒን ነው፤ ፈጭቼው ነበር» አለ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ። «ስለ ጥርሱ ራሳቸው ነግረውኝ፣ ሲጨርሱ ብቅ እንዲሉ ለምኛቸው ነበር። ቀዝቅዟል፣ ይጠጡት አልኳቸው። ርቧቸው ነበር፤ ጠጡት። ግማሹ ፈሰሰ። ምንም አላሉም። ሰኞ በአዲስ ጥርስ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ ብዬ ነው።»

«ሰኞ?» አለች ሊያ። «ጥርሱ ሊገጠም ገና አራት ወር ይቀረው ነበር።»

ወይዘሮ ሂንድ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። «በአራት ወሩም አይመጡብህም ነበር፣ ልጄ። ቁርኣን ሲቀሩ ‹ሲን› የሚለው ፊደል እያፏጨ አስቸገራቸው። የልጅ ልጆቻቸው ሲስቁባቸው አፈሩ። ፊደሉ እንዲስተካከል ነው ያስተከሉት። ወንበርህንማ ረስተውታል።»

በር ላይ የነበሩት ፖሊሶች ክንዱን ሊይዙት ሲሉ አብሳሎም ራሱ ቀድሞ ተነሣ።

ሂንድ ወደ ሊያ ዞሩ። «ብሎኑ አብሯቸው ይቀበር?»

«አውጪው ካሉኝ...»

«ተዪው። የነካካቸው ሰው በዝቷል። ፋሂም መስጊድ በር ላይ ቆሞ ይናገራል፤ የአንቺ እጅ የለበትም።»

ፋሂም ተናገረ፤ ደብዳቤውም ሳይፈረም ቀረ። ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ከሰረዙት አሥራ አንድ ሰዎች ዘጠኙ ክሊኒኩ በር ላይ ተሰለፉ። እያንዳንዳቸውም «እኔ እንኳ መጀመሪያውኑ አላመንኩም ነበር» አሉ። ሊያ ጓንቷን አጥልቃ፣ መብራቱን አብርታ፣ ፊታቸውን ሳታይ ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠች።

«አፍዎን ይክፈቱ።»