የዳምጤ ድንኳን

ቀረብ በሉ፤ መብራቱ ዛሬ አይመጣም። ቆሎውን አዙሩት።

ያን ጊዜም እንዲህ ጨለማ ነበር። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ውሻ እንኳ የለም። ጉልላት የሚባል ዘበኛ ብቻ ቆሟል። እኔስ የት ነበርኩ? እዚያ ማዶ፣ ሱቁ በረንዳ ላይ። ማደሪያዬ ነበር። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

ቀበሌው ይህችን መንገድ ለሙከራ ለመኪና ዝግ አድርጓት ነበር። አስፋልቱን ቀለም ቀቡት፤ አግዳሚ ወንበር አመጡ፤ አሮጌ ጎማ ውስጥ አበባ ተከሉ። ልጆች ኳስ ተጫወቱበት። ሹፌሮቹስ? ሲመሽ ጎማውን ገፋ አድርገው ያልፋሉ።

የቀበሌው አለቃ ጉልላትን፣ «እሁድ ስመጣ መኪና ሲያልፍ ካየሁ ሙከራው ከሽፏል፤ አንተም ትሰናበታለህ» አለው።

ጉልላት ምን አደረገ? የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው። የለቅሶውን ድንኳን አውጥቶ መንገዱ መሃል ተከለዋ! እስቲ ንገሩኝ፣ የለቅሶ ድንኳን ጥሶ የሚያልፍ ሹፌር አይታችኋል? ክላክስ እንኳ አያደርግም። አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ሟች ግን የለም።

ሌሊት ላይ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው መጣ። ኮቴው አይሰማም።

«ጋሼ ጉልላት፣ የማን ለቅሶ ነው?»

ጉልላት ደነገጠ። አፉ ላይ የመጣለትን ስም ጠራ። «የ... የዳምጤ።»

ዳምጤ ማነው? ተሸካሚ ነበር። እዚችው መንገድ ላይ መኪና ገጭቶ ገደለው። እድር አልነበረውም። ድንኳን የተከለለት የለም።

ሰውየው ገብቶ ተቀመጠ። «ይህን የሚያህል ድንኳን ለዳምጤ?»

«ምን ይደረግ ወንድሜ፣ ደግ ሰው ነበር።»

«ውሸታም! በዱላ ታባርረው አልነበር?»

ጉልላት ፋኖሱን ከፍ አደረገ። ሰውየው ጥላ የለውም።

«ንፍሮስ የለም?» አለና ዞር አለ። ጋቢው ላይ፣ ከትከሻው እስከ ወገቡ፣ የጎማ ጥርስ ታትሟል።

ጉልላት ጮኸ? ወደኋላው እያፈገፈገ ከድንኳኑ ወጣ እንጂ!

እሁድ አለቃው መጣ። መኪና ዝር አላለም። «ግሩም! ሙከራው ተሳክቷል። በሉ ድንኳኑን ንቀሉ» አለ። ካስማውን ሲነኩት ከውስጥ ድምፅ መጣ፦

«ምነው ጌቶቼ! አርባዬ እንኳ ሳይወጣ?»

አለቃው አንድ ጫማውን ጥሎ ነው የሮጠው። ከአርባው በኋላ ሰማንያ አለ፤ ከዚያ ሙት ዓመት። መንገዱን ልክፈት የሚል ጠፋ። ድንኳኑ በስብሶ አለቀ፤ መንገዱ ይኸው፣ መኪና ሳይረግጠው ተቀምጠንበታል።

በሉ ተነሱ። ተያይዛችሁ ግቡ፤ ብቻውን የሚሄድ እንዳይኖር።

ቆሎውን ማን ጨረሰው? አንተ ነህ? ጥግ ያለኸው፣ ጋቢ የለበስከው... የማን ልጅ ነህ? እስቲ ዞር በል።