ሐይቁ እንዲታይ

አንጋፋው ዘፋኝ የሞተው፣ በየዓመቱ በፓርኩ ውስጥ የሚካሄደው የሙዚቃና የሥዕል ፌስቲቫል በሚከፈትበት ዕለት ጠዋት ነው። ከከፍታው መድረክ ጀርባ፣ ታች ሐይቁ ዳር ካለው ድንጋይ አጠገብ ወድቆ ተገኘ።

ሚስቱ፣ የመጣችው የፖሊስ መርማሪ እስክትጠይቃት አልጠበቀችም።

«እሷ ናት! ያቺ ጊታር መቺ! ከባሌ ክንድ ተለይታ አታውቅም። ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ልክ ልኳን ነግሬ ከመድረኩ አባረርኳት። ቂም ይዛ ገፋችው!»

የፌስቲቫሉ አዘጋጅ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። «ወድቆ አግኝቼው የጮህኩት እኔ ነኝ። አጥሩ ደረት ይደርሳል፤ ካልገፉት እንዴት ይወድቃል?»

መርማሪዋ ከመድረኩ ጀርባ በብሎን የታሰረውን ነጭ የእንጨት አጥር ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው። ወደ ታች ወርዳ የሟቹን እጅጌ አየች። ከዚያ ጊታር መቺዋን አስጠራች። የልጅቷ ዓይን በልቅሶ አብጧል።

«ክንዱን ለምን ትይዢው ነበር?»

ልጅቷ ሚስትየዋን ሰረቅ አድርጋ አየች።

«ሰውየው ሞቷል። ምስጢሩ ከእንግዲህ አይጠቅመውም።»

«አያይም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ፊት ለፊቱ ትንሽ ይታየዋል፤ ግራ ቀኙ ግን ጨለማ ነው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

ሚስትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

መርማሪዋ ሦስቱንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ያ አጥር ቆሞ ቢያድር ኖሮ ዝናቡ ያጥበው ነበር። አንድ ጎኑ ላይ ግን ሣር ተለጥፎበታል። ከዝናቡ በኋላ ነቅሎ ሣር ላይ ያጋደመው፣ ኋላም መልሶ የተከለው ሰው አለ።» ስልኳን ዘረጋችላቸው። «ይህ ፎቶ ዛሬ ማለዳ በፌስቲቫሉ ገጽ ላይ ወጥቷል። ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል፤ አጥር የለም። የፎቶ አንሺው ስም የእርስዎ ነው።»

አዘጋጁ ከስልኩ ዓይኑን አሸሸ። «ሐይቁ እንዲታይ ብዬ ነው! አለማየቱን አላውቅም ነበር!»

«እሱን አምንዎታለሁ። ወንድምዎ ዛሬ ጠዋት፣ ትናንት በልምምድ ላይ የለመደውን አጥር በእጁ ሲፈልግ ወደቀ። ግን ክርኖቹ ጭቃ ናቸው፤ ወደ መድረኩ ደረጃ ሊድህ ሞክሯል። ወዲያው አልሞተም። እርስዎ ሲጮሁ ሰው እየሮጠ መጣ፤ አጥሩ ያኔ ተተክሎ ነበር። ስለዚህ ከመጮህዎ በፊት የአጥሩን ብሎን ያጠብቁ ነበር።»

ሰውየው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«በስሜ ጠራኝ» አለ። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ… መጀመሪያ አጥሩን…»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወርዱ ሚስትየዋ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ልጅቷን ባታባርራት ኖሮ ክንዱን የሚይዝ ሰው ነበረው። ይህን የነገራት የለም፤ መነገርም አላስፈለጋትም።

«ለምን ደበቀኝ?» አለች።

«ያፍር ነበር፣ እትዬ። እንዲያዝኑለት አልፈለገም።»

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ጊታሯን እያነሳች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «የሰደቡኝ እኮ በሰው ፊት ነው» አለች።

ሙዚቀኞቹና ሠዓሊዎቹ ሣሩ ላይ ቆመው ወሬ ይጠብቃሉ። ሚስትየዋ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ያዘች።

«ይህችን ልጅ ጠዋት…» ብላ ጀምራ አቆመች። ማንም አልረዳትም። አንገቷን ቀና አድርጋ እንደገና ጀመረች።