የግንባር ቋጠሮ

ይህ በእውነት የሆነ ነው። ማመን የማትፈልጉ ተዉት፤ አልፈርድባችሁም። እኔም እፀገነት ስትነግረኝ ፊቷን ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። ግንባሯ ላይ የተወጋችው መድኃኒት ከለቀቃት ስምንት ወር አልፎታል... ያ ቦታ ግን ዛሬም አይንቀሳቀስም።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቡሬ ከተማ፣ ፀሐይ ቦግ ብላ ነው ነገሩ የጀመረው።

እፀገነት ባንክ ቤት የምትሠራ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በሁለት ቅንድቦቿ መካከል ቋጠሮ ነበራት፤ ጎን ለጎን የወረዱ ሁለት መስመሮች። ስትስቅ እንኳ የተቆጣች ትመስላለች። ብር ሊያወጣ የመጣ ገበሬ ሁሉ "እሜቴ፣ ምን አጠፋሁ?" ይላታል።

እናቷ እማሆይ ወለተጊዮርጊስ ግን "ቋጠሮዬ" እያሉ ነው ያሳደጓት። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም እሷን የሚለዩት ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ነው።

ያን ሰሞን እማሆይ ገጠር፣ ወንድሟ ስመኘው ቤት፣ አልጋ ይዘዋል። ስመኘው ደወለላት።

"እሑድ ድረሽ። ያችን ቃል ሳያነሱልሽ እንዳይሞቱ።"

ያች ቃል... ከስድስት ዓመት በፊት ትዳሯን ጥላ ስትወጣ፣ እናቷ በንዴት "ቤትሽ አይሙቅ!" ብለዋት ነበር። እውነትም ከዚያ ወዲህ ቤቷ ሞቆ አያውቅም። ቃሉን ሊያነሳላት የሚችል ሰው ደግሞ በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው።

ግን የፊት መስመር ለሚያጠፋው የቦቶክስ መርፌ ቀጠሮ የያዘችው ለዚያው እሑድ ነበር። መርፌውን የምትወጋው ያምሮት ከባሕር ዳር የምትመጣው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው። በሳምንቱ እሄዳለሁ፣ ሳምንት ምን አላት ብላ ቀረች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

መርፌው ግንባሯ ላይ ሲገባ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ነበር። ዘጠኝ ሰዓት።

"ከእንግዲህ አራት ወር ልቆጣ ብትይም አትችይም" አለቻት ያምሮት እየሳቀች።

በሳምንቱ ቋጠሮው ጠፋ። እሷም በሚኒባስ ሄዳ፣ ከአስፋልቱ ወርዳ አንድ ሰዓት በእግሯ ተጓዘች።

የስመኘው ሚስት አደይ በሩ ላይ ተቀበለቻት። ትክ ብላ አየቻት።

"ዛሬስ ሰላም ነሽ፣ እታለም? ያን እለት እኮ ሳታናግሪኝ ነው ያለፍሽኝ።"

"የቱን እለት?"

"ባለፈው እሑድ ነዋ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ግንባርሽን ቋጥረሽ ገባሽና እማሆይ ራስጌ ተቀመጥሽ..." አደይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ስትወጪ ግን አላየሁሽም።"

እፀገነት ደነገጠች። ፊቷ ግን ምንም አላሳየም።

ገባች። እማሆይ መደብ ላይ ተኝተዋል። በራስጌያቸው አንድ በርጩማ አለ፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ከላዩ የተነጠፈው አጎዛ ግን መሃሉ ጎድጎድ ብሏል... ሰው እንደተቀመጠበት።

ከወዲህኛው በኩል ተንበረከከች።

"እማ... እኔ ነኝ።"

የእናቷ እጅ መጣ። ቅንድቧን ዳሰሰ። በመካከሉ አለፈ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ፈለገ። ከዚያ ጣቶቹ ቀስ ብለው ተሰበሰቡ።

"ድምፁ የልጄ ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ፊቱ ግን የማነው?"

"እማ፣ መርፌ ተወግቼ ነው። ይመለሳል..."

"ዝም በይ። ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ከአጠገቤ አልተነሣችም።"

ፊታቸውን ወደ በርጩማው አዞሩ።

እፀገነት ልትቆጣ ሞከረች። በሕይወቷ እንደዚያ ልትቆጣ ፈልጋ አታውቅም። ግንባሯ እንቢ አለ። ቆዳዋን በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ሰበሰበችው፤ የእናቷን እጅ ስባ ልታሳርፍበት ስትል እማሆይ እጃቸውን ነጠቋት። የቆነጠረችውን ስትለቀው ተመልሶ ተዘረጋ። ልጃቸው ለመሆኗ ምስክር አጣች።

እማሆይ እጃቸውን በባዶው በርጩማ ላይ አነሡ። በተቀመጠ ሰው ፊት ቁመት ሲደርስ... እጁ ቆመ። አውራ ጣታቸው አየሩን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ዳሰሰ።

ፈገግ አሉ።

"ቋጠሮዬ... ያን ቃሌን አንሥቼልሻለሁ። ቤትሽ ይሙቅ። የገባሽበት ሁሉ ይሙቅልሽ።"

እፀገነት ፊቷን በእናቷና በበርጩማው መካከል ልታስገባ ተወረወረች። አልደረሰችም።

እማሆይ እንደ ምርቃት ወጉ እትፍ፣ እትፍ አሉ።

ምራቁ መሬት አልወደቀም።

ከበርጩማው በላይ፣ ምንም በሌለበት አየር ላይ አረፈ። ቁልቁል ወረደ... ወረደ... ከዚያ ለሁለት ተከፈለና፣ ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ውስጥ ገብቶ ቆመ።