በካርታ ላይ የሞተ እርሻ

ሽማግሌው ገበሬ ከገዛ ጉድጓዳቸው በገመድ ተስበው ሲወጡ፣ አንድ ጫማቸው ውሃው ውስጥ ቀርቶ ነበር። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የጉድጓዱን አፍ አየች። የዱባ ሐረግ ወርሶታል፤ በአንድ በኩል ግን ሁለት ሰው የታገለበት ይመስል ተበጣጥሷል።

«አባቴ በእጁ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ዓይኑ ቢጠፋ እንኳ አይስተውም» አለች ሴት ልጃቸው።

«ሐረጉ ዱሮም እንዲህ ነበር?»

«ኧረ የት! ዝናቡ ከጣለ ወዲህ ነው፤ ገና ሁለት ሳምንቱ።»

ከአጥሩ ማዶ አዳዲስ ፎቆች ተደርድረዋል። ሰኞ ዶዘር እዚህም ይገባል፤ በከተማው ካርታ ላይ ይህ ቦታ እርሻ ሳይሆን ቤት ነው።

ካርታውን የሠራው የሟቹ ወንድ ልጅ ነው። ከሳተላይት ምስል ላይ እርሻውን አረንጓዴ፣ ከተማውን ቀይ ሲቀባ ይውላል። መርማሪዋ ቢሮው ሄዳ አባቱ ጉድጓድ ውስጥ ሞተው መገኘታቸውን ነገረችው። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሁለት ዓመት እግሬ እዚያ አልረገጠም። ከላይ ብቻ ነው የማየው» አለ። «አፉን የዱባ ሐረግ ሸፍኖት የለ? ማንም ይወድቃል።»

መርማሪዋ ቃሉን ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ እህቱን፣ የቢሮ አለቃውንና እርሻውን ሊያሸጥ የቋመጠውን የመሬት ደላላ እዚያው ቢሮው ሰበሰበቻቸው።

«እኔ ሽማግሌውን ምን ላድርግ ብዬ?» አለ ደላላው። «ካርታው ጨርሶልኝ የለም እንዴ።»

«እውነትህን ነው» አለችው መርማሪዋ። ወደ አለቃው ዞረች። «እርሻው እንዴት ቀይ ሆነ?»

«ምስሉ የበጋ ነው። የታረሰ ደረቅ አፈር ከላይ ሲያዩት እንደ ጣሪያ ያበራል። ልጁ ተሳሳተ፤ እኔም ሳላይ ፈረምኩ።»

«ሳያዩ መፈረምም ሙያ ሆነ።» የዚህን ሳምንት ምስል አስከፈተች። «በል፣ ሐረጉን አሳየኝ።»

ልጁ ምስሉን አጎላው፤ አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ብቻ ሆነ። ጉድጓዱም አልታየም።

«ሐረጉ የሁለት ሳምንት ነው። እኔ አልነገርኩህም። እህትህስ?»

«ካርታው ከወጣ ወዲህ አላናገርኩትም» አለች እህቱ።

«እንግዲያ ያየኸው ቆመህበት ነው።»

የልጁ እጅ ከኮምፒውተሩ መዳፊት ላይ ወረደ።

«ትናንት ‹አርምልኝ› ብሎ አስጠራኝ። አንዱን ካረምኩ የሠራሁት ሁሉ ይፈተሻል አልኩት። ክንዴን ያዘኝ፤ ገፋሁት።»

«ሰኞ ከመድረሱ በፊት ካርታውን ማን ያርመዋል?» አለች መርማሪዋ።

አለቃው አቀርቅሮ፣ «የሚችለው እሱ ነው» አለ።

ልጁ አረመው። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ።

«ከወደቀ በኋላ በሕይወት ነበር?» አለች እህቱ።

«ነበር።»

«ምን አለህ?»

«ስሮጥ ገመድ ላመጣለት መሰለው። ‹ቀስ በል ልጄ፣ እንዳትወድቅ› አለኝ።»